አርባ አንድ ሰው ያነበበው መልእክት፦ በማኅበራዊ ሚዲያ ዳር ቆሞ ተመልካች ላለመሆን የሚረዳ መመሪያ

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ትራሴ ሥር ተንቀጠቀጠ። በኮንዶሚኒየማችን የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አራተኛ ፎቅ የምትኖር ልጅ «እባካችሁ መኪና ያላችሁ፣ እናቴ መተንፈስ አቅቷታል» ብላ ጽፋለች። አነበብኩት። መኪና የለኝም። «መኪና ያላቸው ሰዎች አሉ፤ እነሱ ይነሳሉ» ብዬ ስልኩን ደረቴ ላይ አስቀምጬ ጠበቅኩ። ከመልእክቱ ሥር የተጋጠሙ እጆች፣ የጸሎት ምልክቶች፣ አንድ ሁለት እያሉ መጡ። «እግዚአብሔር ይማርልሽ» የሚል መልስ ተከተለ። ከዚያ ዝም።

እናቲቱን ያተረፋቸው ግሩፑ ውስጥ የሌለ ሰው ነው። ልጅቷ መልስ ስታጣ በባዶ እግሯ ወርዳ የግቢውን ጥበቃ ቀሰቀሰችው። እሱ የሚይዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ከቴሌግራም ጋር አይተዋወቅም። ሮጦ አንደኛ ፎቅ የሚኖረውን የሚኒባስ ሾፌር በር ደበደበ፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ተነሱ። ጠዋት መልእክቱን ማን እንዳነበበው የሚያሳየውን ዝርዝር ከፈትኩ። አባላቱ ከመቶ በማይበልጡ የቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ ይህ ዝርዝር ለጥቂት ቀናት ይታያል። አርባ አንድ ስም ቆጠርኩ። የሾፌሩ ስም የለበትም፤ ተኝቶ ነበር። የእኔ ስም ከላይ ሦስተኛው ነው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ሦስተኛው ስም ሆኜ ነው።

ለምን እጃችን ይታሰራል

አዲስ አበባ ውስጥ እሪ በከንቱ የሚባል ሰፈር አለ። ታሪኩን መተረክ አያስፈልግም፤ ስሙ ይበቃል። ሰው እሪ ብሏል፣ የደረሰለት የለም። ምሁራን ግን ነገሩን በሙከራ ማጥናት የጀመሩት በሌላ ከተማ በተሰማ ጩኸት ምክንያት ነው። በመጋቢት 1956 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1964) ኪቲ ጄኖቪስ የተባለች የ28 ዓመት ወጣት በኒውዮርክ ኪው ጋርደንስ ሰፈር፣ መኖሪያዋ አጠገብ፣ በስለት ተወግታ ተገደለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኒውዮርክ ታይምስ 38 ጎረቤቶች እያዩ ፖሊስ ሳይጠሩ ቀሩ ብሎ ጻፈ። ቁጥሩ የተጋነነ እንደሆነ፣ ከመስኮት ሆኖ ገዳዩ ላይ የጮኸ ሰው እንደነበረ፣ አንዲት ጎረቤትም ወርዳ በክንዷ አቅፋት እንደነበረ ኋላ ታውቋል። ጋዜጣው ራሱ ዘገባው ጉድለት እንደነበረበት ከብዙ ዓመታት በኋላ አምኗል። ፌስቡክ ሳይኖር እንኳ የተጋነነ ወሬ ዓለምን መዞር ይችል ነበር ማለት ነው።

ወሬው ግን ጆን ዳርሊ እና ቢብ ላታኔ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ምሁራንን አነሳሳ። እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ሙከራ ተማሪዎችን በየክፍሉ ለየብቻ አስቀምጠው በድምፅ ማስተላለፊያ እንዲወያዩ አደረጉ። በወሬው መካከል ከተወያዮቹ አንዱ የሚጥል በሽታ እንደተነሳበት ሆኖ እርዳታ ይለምናል። ይህን ድምፅ የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ ብለው ካመኑት ተማሪዎች ውስጥ 85 በመቶው የሕመምተኛው ድምፅ ሳይጠፋ ለእርዳታ ተነሱ። ሌላ አንድ ሰሚ አለ ብለው ካሰቡት የተነሱት 62 በመቶ ናቸው። ሌሎች አራት ሰሚዎች አሉ ብለው ካሰቡት ደግሞ 31 በመቶ ብቻ።

እኔ ይህን ሙከራ የምወደው ከጎዳና ይልቅ ለቴሌግራም ስለሚቀርብ ነው። ሰዎቹ አይተያዩም። አንዱ ምን እያደረገ እንደሆነ ሌላው አያውቅም። እያንዳንዱ በየክፍሉ ተቀምጦ «ይሄኔ ሌላው ተነስቷል» ይላል። አርባ አንዳችንም እንዲሁ በየአልጋችን ነበርን። ያልተነሱት ተማሪዎች ደግሞ ግድየለሾች አልነበሩም፤ በኋላ በሩ ሲከፈት ብዙዎቹ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ መዳፋቸው ላብ አውጥቶ ነበር የተገኙት። ልባቸው ተጨንቋል፣ እጃቸው ታስሯል።

ሁለቱ ምሁራን ሌላም ሙከራ አድርገዋል። ሰው መጠይቅ እየሞላ ሳለ ክፍሉ ውስጥ ጭስ ይገባል። ብቻቸውን ከነበሩት 75 በመቶው ወጥተው ተናገሩ። አጠገባቸው ጭሱን አይተው ዝም እንዲሉ የተነገራቸው ሁለት ሰዎች ሲቀመጡ ግን የተናገሩት 10 በመቶ ብቻ ሆኑ። የጎረቤት ፊት ሲረጋጋ እሳቱ እሳት አይመስልም። በስልክ ላይ ይህን የተረጋጋ ፊት የሚተካው ያ የጸሎት ምልክት ነው። ዘጠኝ ሰው የጸሎት ምልክት ካደረገ አሥረኛው «ነገሩ ተይዟል» ብሎ ይተኛል።

መፍትሔውም የተገኘው በዚያው መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ጥናት በኢንተርኔት መወያያ ክፍሎች ውስጥ እርዳታ የጠየቀ ሰው መልስ ለማግኘት የሚፈጅበትን ጊዜ ለካ። ክፍሉ ውስጥ ሰው በበዛ ቁጥር መልሱ ዘገየ። ጠያቂው የአንድን ተሳታፊ ስም ጠርቶ ሲጠይቅ ግን መዘግየቱ ጠፋ ማለት ይቻላል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች አብዛኞቹ የዚህ ነገር ዝርዝር ናቸው።

1. አስቀድሞ መዘጋጀት

ሌሊት ተነስቶ ቁጥር የሚፈልግ ሰው ዘግይቷል። አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፦ ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ በአዲስ አበባ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939። በውጭ ያላችሁ፣ አሜሪካ 911፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ እስራኤል ፖሊስ 100 እና አምቡላንስ 101፣ የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ፖሊስ 999 እና አምቡላንስ 998፣ ኩዌት 112።

ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። እነዚህ አጫጭር ቁጥሮች የሚሠሩት አገራቸው ውስጥ ብቻ ነው። ኩዌት ያለች እህታችሁ በሌሊት «ገደሉኝ» ብላ ብትጽፍ ከደብረ ብርሃን ሆናችሁ 112 ብትደውሉ ኩዌት አይደርስም። ስለዚህ ዘመድ በባሕረ ሰላጤው አገር ያለው ቤተሰብ ሰላም በሆነበት ቀን የሚከተለውን በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ፦ የአሠሪው ሙሉ ስም፣ ከተማው፣ ሰፈሩና የሕንፃው ቁጥር፣ የላካት ኤጀንሲ ስምና ስልክ፣ በዚያ አገር የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ከነአገር ኮዱ፣ በዚያው ከተማ የምትኖር አንዲት የታመነች አገር ሰው ቁጥር። የመጨረሻዋ ከሁሉም ትበልጣለች። እዚያው አገር ስላለች አጭሩን ቁጥር ደውላ የአገሩን ቋንቋ መናገር የምትችለው እሷ ናት። ልጅቷ ያለችበትን ቦታ በካርታ ምልክት አንድ ጊዜ እንድትልክላችሁም ጠይቁ፤ አድራሻ በአረብኛ መጻፍ ለማትችል ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

2. ምን እንዳያችሁ መለየት

አንድ አስደንጋጭ ነገር ስታዩ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ መቼ ነው? የት ነው? የመጀመሪያው ለጣፊ ማን ነው? የሦስት ዓመት ቪዲዮ «አሁን የደረሰን» ተብሎ ሲዞር አይተናል፤ የሌላ አገር አደጋ የእኛ ተብሎ ሲለቀቅም እንዲሁ። የታርጋ ቁጥር፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የሰዎቹ አነጋገር፣ የአየሩ ሁኔታ ብዙ ይናገራሉ። ክረምት ላይ ሆናችሁ አቧራ የሚቦንበት ቪዲዮ «ዛሬ ጠዋት» ከተባለ ጠርጥሩ።

ግን ይህ ምርመራ ልክ አለው። የምታውቁት ሰው፣ ወይም የምታውቁት ግሩፕ አባል፣ ነፍሱ አደጋ ላይ እንደሆነ ከጻፈ እውነት ነው ብላችሁ ተነሱ። ውሸት ሆኖ ቢገኝ የምትከፍሉት ዋጋ የአንድ ስልክ ጥሪ ነው። በሌላ በኩል ከወዳጅ አካውንት «ሆስፒታል ነኝ፣ በፍጥነት 8 ሺህ ብር ላኪልኝ» የሚል መልእክት ቢመጣ መጀመሪያ ድምፁን ስሙ። አካውንት ይሰረቃል፤ ድምፅ መስረቅ ከዚያ ይከብዳል።

ደግሞም የሌሎችን ዝምታ እንደ ማስረጃ አትቁጠሩ። ሦስት ሺህ ሰው ያየው ነገር ሦስት ሺህ ሰው የመረመረው አይደለም።

3. «እኔ ይዤዋለሁ» ብሎ መጻፍ

ከመመሪያው አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንላለን። እውነት ነው፤ ነገር ግን ተረቱ የሚሠራው ሎሚው ከተከፋፈለ በኋላ ነው። መሬት ላይ የተከመረ ሃምሳ ሎሚ ሃምሳ ሰው ከቦ ቢያየው ማንም አያነሳውም። አባቶቻችን ይህን ሳያውቁት አልቀሩም፤ እድር ሲመሠርቱ «ሁላችንም እንረዳዳለን» ብለው አልተዉትም። ጥሩምባ የሚነፋው ይታወቃል። ድንኳን የሚተክሉት ይታወቃሉ። ተራ የደረሰው ሰው ከቀረ በስሙ ቅጣት ይመዘገብበታል። ቴሌግራም ላይ ግን እድራችንን ይዘን ገብተን ተራውን ውጭ ትተነዋል።

ስለዚህ መልእክቱን ስታዩ ምልክት ከመጫናችሁ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ሦስት ነገር ይኑረው፦ ማን፣ ምን፣ መቼ። «እኔ አሁን 907 እየደወልኩ ነው፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እዚህ እመለሳለሁ።» ይህ ዓረፍተ ነገር ሁለት ሥራ ይሠራል። ለጠያቂዋ ብቻዋን እንዳልሆነች ይነግራታል፤ ለሌሎቹ አርባዎች ደግሞ ምን እንደጎደለ ያሳያቸዋል። አንዱ «እኔ በር ልክፈት» ይላል፣ ሌላው «ኦክስጅን ያላት ነርስ ሁለተኛ ብሎክ አለች» ይላል። ከአምስት ደቂቃ በኋላም ተመለሱ። «አላነሱም፣ እየሞከርኩ ነው» ማለትም መመለስ ነው።

መኪና ባይኖራችሁስ? እኔ ያንን ሌሊት የተሸነፍኩት እዚህ ላይ ነው። የተጠየቀው መኪና ስለሆነ መኪና የሌለው ሰው አልተጠየቀም ብዬ ተረጎምኩት። የጎደለው ግን አንድ በር የሚያንኳኳ ሰው ነበር። ያን ማድረግ እችል ነበር፤ ሾፌሩ የሚኖረው ከእኔ ሦስት በር አልፎ ነው።

ከዚያ ሰው በስም ጥሩ። «ማን አለ?» አትበሉ። የግሩፑን አባል ስም ነክታችሁ «ወንድሜ ዳዊት፣ መኪናህ ግቢ ውስጥ ነው? እባክህ ውረድ» በሉ። በአንድ ደቂቃ መልስ ካልሰጠ ደውሉለት፤ ጽሑፍ ሰው አይቀሰቅስም። ሁለት ሰው ከጠራችሁ ለሁለቱ የተለያየ ሥራ ስጡ። ለሁለት ሰው አንድ ሥራ መስጠት ወደ መጀመሪያው ችግር ይመልሳል።

እርዳታ ጠያቂው እናንተ ከሆናችሁም ያው ነው። «እባካችሁ እርዱኝ» ከሚል ይልቅ እንዲህ ይጻፋል፦ «ብሎክ 14፣ አራተኛ ፎቅ፣ ቤት ቁጥር 32። እናቴ መተንፈስ አቅቷታል። ጋሽ ተስፋዬ፣ መኪና ያስፈልገኛል። እትዬ አልማዝ፣ 907 ይደውሉልኝ። ስልኬ ክፍት ነው።» ቦታ፣ ችግር፣ ስም፣ ሥራ። በታላላቆች ስም ትእዛዝ መስጠት ነውር ይመስላል፤ በዚያ ሰዓት ግን ማንም አይቀየምም።

4. መቅረጽና ማጋራት እርዳታ የሚሆነው መቼ ነው

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ብዙዎቻችን ማጋራትን እንደ እርዳታ ቆጥረን ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2017 ኩዌት ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ከሰባተኛ ፎቅ መስኮት ውጭ ተንጠልጥላ ያዢኝ እያለች ስትለምን አሠሪዋ ስልኳን አውጥታ ቀረጸቻት። ልጅቷ ወደቀች፤ በተአምር ተረፈች። ቪዲዮው በመላው ዓለም ዞረ፣ አሠሪዋም በቁጥጥር ሥር ዋለች። ያየነው ሁሉ በሴትዮዋ ላይ ተቆጣን። መቆጣታችን ልክ ነበር፤ ነገር ግን ስልክ የያዘ እጅ ሌላ እጅ መያዝ እንደማይችል ያሳየን ትምህርት ለእኛም ነው።

ከዚያ ቀደም፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ቤሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ዓለም ደቻሳ የተባለች ሠራተኛ እየተጎተተች በግድ መኪና ውስጥ ስትከተት አንድ መንገደኛ ቀርጾ ነበር። ቪዲዮው ባይኖር ኖሮ ጉዳዩን ማንም አያውቀውም ነበር፤ ብዙ ሰው አደባባይ የወጣው እሱን አይቶ ነው። ግን ተቀርጾ በቴሌቪዥን እስኪታይ ሁለት ሳምንት ገደማ አለፈ። ከታየ ከጥቂት ቀናት በኋላ ዓለም በሆስፒታል ሳለች ሕይወቷ አለፈ። ማስረጃው ለፍርድ ደረሰ፣ ለእሷ አልደረሰም።

በተቃራኒው እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 2020 በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ የ17 ዓመቷ ዳርኔላ ፍሬዚየር ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ጉልበት ሥር ሲሞት የቀረጸችው ቪዲዮ ባይኖር፣ «በጤና እክል ሞተ» የሚለው የፖሊስ የመጀመሪያ መግለጫ እንደ እውነት ይቀር ነበር። እሷ ስትቀርጽ ሌሎች ተመልካቾች ዝም አላሉም። «የልብ ምቱን እየው» ብለው ጮኹ፣ አንዲት የእሳት አደጋ ሠራተኛም ልርዳው ብላ ለመነች። የሚችሉትን ሁሉ ሞክረው ሲከለከሉ የቀረው ካሜራው ነበር። በእስራኤል ሆሎን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2015 ትውልደ ኢትዮጵያዊው ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ የያዘውም የጥበቃ ካሜራ ነው፤ ቤተ እስራኤላውያን አደባባይ የወጡት ያንን ቪዲዮ ይዘው ነው።

ከእነዚህ የምወስደው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ የሚደውል ይኑር። ከዚያ ሳይጋፈጥ መርዳት የሚችል ይርዳ። ሌሎች እየረዱ ከሆነ፣ ወይም መቅረብ አደገኛ ከሆነ፣ አንድ ሰው ብቻ ይቅረጽ፤ ዐሥር ሰው መቅረጹ አጥር ከመሆን አይዘልም። የምትቀርጹ ከሆነ ሳታቋርጡ፣ ቦታውን የሚያሳይ ነገር ጨምራችሁ፣ ቀንና ሰዓቱን በድምፃችሁ ተናግራችሁ ቅረጹ። የተቀረጸውን ለተጎጂው፣ ለቤተሰቡ፣ ለጠበቃ ወይም ለፖሊስ ስጡ። ዋናውን ፋይል አትቁረጡት፣ ሙዚቃ አትጨምሩበት፣ በቴሌግራም ስትልኩም ጥራቱ እንዳይቀንስ በፋይል መልክ ላኩት። አደባባይ ይውጣ የሚለውን የሚወስነው ተጎጂው ነው። የተደፈረች ሴት፣ የተደበደበ ሕፃን፣ የሞተ ሰው ፊት በምንም ምክንያት አይለጠፍም። «ፍትሕ ለእገሊት» ብሎ መለጠፍም ፊቷን አይሸፍነውም።

5. ጥላቻና ዛቻ ሲለጠፍ

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በባሕር ዳር የኬሚስትሪ ምሁሩ ፕሮፌሰር ማዕረግ አማረ ቤታቸው ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደሉ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ፎቶግራፋቸውና የሚኖሩበት አካባቢ ጭምር በፌስቡክ ላይ ከውንጀላ ጋር ተለጥፎ ነበር። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሱ ለኩባንያው አመልክቶ እንደነበረ፣ መልስ ያገኘው ግን ከግድያው በኋላ መሆኑን ናይሮቢ ለሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ባቀረበው ክስ አስረድቷል። ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2025 ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። ኩባንያው የሚመልሰው ጥያቄ የፍርድ ቤት ነው። እኔን የሚቆጠቁጠኝ ሌላው ነው፦ እነዚያን ጽሑፎች ያየው ሰው ስንት ነው? ልጁን ጨምሮ «ይነሳ» ያለውስ?

የሰው አድራሻ፣ የታርጋ ቁጥር፣ የሥራ ቦታ ከዛቻ ጋር ተለጥፎ ስታዩ በዚህ ቅደም ተከተል ሥሩ።

አስተያየት አትጻፉ። የቁጣ አስተያየትም ቢሆን ጽሑፉን ለሌሎች ሺዎች ይገፋዋል፤ የማሽኑ ሚዛን ስድብና ምስጋናን አይለይም። «ይህን ጉድ እዩ» ብላችሁ ማጋራትም ያው ነው።

ማስረጃ ያዙ። ስክሪንሹት ስታነሱ ቀኑ፣ የለጣፊው ስምና ጽሑፉ አብረው ይታዩ። ስም ይቀየራልና የአካውንቱን ሊንክ እና የጽሑፉን ሊንክ ለየብቻ ገልብጣችሁ አስቀምጡ። ያለ ሊንክ የቀረበ ምስል ለመርማሪ ብዙም አይጠቅምም።

ሪፖርት አድርጉ፤ በጽሑፉ ጎን ካሉት ሦስት ነጥቦች ውስጥ ይገኛል። ምክንያት ስትመርጡ «አልወደድኩትም» ወይም «የተሳሳተ መረጃ» የሚለውን ሳይሆን ጥቃትን የሚያነሳሳውን ምረጡ። ያልሆነ ምክንያት የተመረጠለት ጥቆማ ያልሆነ ወረፋ ውስጥ ይገባል። ጽሑፉ በአማርኛ ከሆነና ቦታ ካለ በሁለት መስመር ምን እንደሚል አስረዱ። የሐገራችን የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭት መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለውን ይዘት እንዲያነሱ ያዛል። አዋጁን በተመለከተ የሚነሳ ክርክር ብዙ ነው፤ ጥቆማችሁን ቀንና ሰዓት ጽፋችሁ ማስቀመጥ ግን በማንኛውም ክርክር ይጠቅማችኋል።

ለሰውየው ንገሩት። ይህን ደረጃ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ስሙ የተለጠፈው ሰው ብዙ ጊዜ መለጠፉን የሚያውቀው በመጨረሻ ነው። እናንተ ባታውቁት የሚያውቀውን ታውቁ ይሆናል። አጭር፣ የማያስደነግጥ መልእክት ላኩ፦ «ስምህና ቤትህ እዚህ ተለጥፏል፣ ሊንኩ ይኸው፣ እኔ ሪፖርት አድርጌአለሁ፣ ዛሬ ሌላ ቦታ ማደር ትችላለህ?»

6. በግሩፕ ውስጥ ሰው ሲዋረድ

አንዲት ሴት በሥራ ግሩፕ ውስጥ ስለ ሰውነቷ ቀልድ ሲቀለድባት ሃያ ሰው ይስቃል ወይም ዝም ይላል። እሷ ከሳቁት ይልቅ ዝም ያሉትን ታስታውሳለች። ረጅም ስብከት አያስፈልግም። «ይህ አይሆንም፤ ወደ ርዕሱ እንመለስ» የሚል አንድ መስመር፣ በተለይ ከወንድ አባል ሲመጣ፣ አየሩን ይለውጣል። ከዚያ በግል «አይቼዋለሁ፣ ትክክል አይደለም፤ ምን ላድርግ?» ብላችሁ ጻፉላት። በአደባባይ ለመናገር ሥራችሁ ወይም ደኅንነታችሁ የማይፈቅድ ቢሆን እንኳ የግሉን መልእክት የሚከለክላችሁ የለም። አድሚን ከሆናችሁ ደግሞ ተጨማሪ ሰበብ የላችሁም፤ መልእክቱን አጥፉ፣ ከማጥፋታችሁ በፊት ስክሪንሹት ያዙ።

7. አንድ ሰው ራሱን እንደሚያጠፋ ቢጽፍ

«ደክሞኛል፣ ይቅር በሉኝ፣ ልጆቼን አደራ» የሚል ጽሑፍ ስታዩ ከሥሩ «አይዞህ ወንድሜ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። በቀጥታ ደውሉ። ካነሳ በግልጽ ጠይቁት፦ «ራስህን ልታጠፋ እያሰብክ ነው?» ይህን መጠየቅ ሐሳቡን ያስገባበታል ብሎ የሚፈራ ሰው ብዙ ነው፤ አያስገባበትም፤ ይልቁንም ለመናገር በር ይከፍትለታል። አትገሥጹት፣ ኃጢአት ነው ብላችሁ አትጀምሩ። የት እንዳለ፣ ከማን ጋር እንደሆነ ጠይቁ። ስልኩን ሳትዘጉ በሌላ ስልክ አጠገቡ ያለ ዘመድ ወይም ጎረቤት ጥሩ፤ ብቻውን እንዳይቀር፣ መድኃኒትና ስለት ከአጠገቡ እንዲርቅ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ከሆነ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይታወቃል፤ ሌላ ከተማ ያለውን በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። በቀጥታ ስርጭት ላይ ከሆነ ስርጭቱን ሪፖርት አድርጉ፤ ሊንኩን ለማንም አታጋሩ።

8. ራስን አለማስገደል

መርዳት ማለት ቢላዋ የያዘ ሰው ፊት መቆም አይደለም። ሕጉም ይህን አይጠይቅም። የ1996ቱ የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575 የሚቀጣው ራሱን ወይም ሌላውን አደጋ ላይ ሳይጥል መርዳት እየቻለ በከባድ አደጋ ውስጥ ያለን ሰው ሆን ብሎ የሚተውን ነው። «በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ» መርዳት ይበቃል፤ ስልክ መደወል በተዘዋዋሪ መርዳት ነው። ከዱሮው አውጫጭኝ ጋር ሲነጻጸር ለስላሳ ነው፤ በዚያ ዘመን ወንጀለኛው እስኪታወቅ የአገሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ይቀመጥ ነበር፤ «አላየሁም» ብሎ ወደ ቤት መሄድ አይቻልም።

ሰው ክፉ ነው ብለው ለሚደመድሙ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በአምስተርዳም፣ በኬፕታውንና በእንግሊዟ ላንካስተር የጎዳና ካሜራዎች የያዟቸውን 219 ጠቦች መርምሮ ከዐሥሩ በዘጠኙ ቢያንስ አንድ ተመልካች ጣልቃ ገብቶ እንደነበረ አግኝቷል። ጎዳና ላይ ሰው ይታያል፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ያየዋል። ስክሪኑ ይህን መተያየት ነው የወሰደብን፤ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ያለችው ዓረፍተ ነገር ያን ትመልሳለች።

9. ግሩፑን አስቀድሞ ማስተካከል

የግቢያችን ኮሚቴ ከዚያ ሌሊት በኋላ አንድ እሑድ ከሰዓት ተሰብስቦ ያደረገው ይህ ነው፤ እናንተም በአንድ ሰዓት ታደርጉታላችሁ። ለእያንዳንዱ ብሎክ ሳምንታዊ የሌሊት ተረኛ ተመደበ፤ የተረኛው ስልክ ድምፁ ክፍት ሆኖ ያድራል። መኪና ያላቸው፣ ነርሷ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያው፣ የጋራ በር ቁልፍ የያዘችው እትዬ በስማቸውና በቤት ቁጥራቸው ተዘረዘሩ። ለአደጋ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ግሩፕ ተከፈተ፤ እዚያ የበዓል ምኞትና ማስታወቂያ አይለጠፍም፣ ምልክት መጫን በአድሚኑ ተዘግቷል። ምላሽ መስጠት የፈለገ መጻፍ አለበት።

ዝርዝሩ ከግሩፑ አናት ላይ ተሰክቷል። መጀመሪያው መስመር ላይ ያለው ቁጥር የጥበቃው ነው። ግሩፑ ውስጥ አሁንም የለም፤ ስልኩ አሁንም ባለ ቁልፍ ነው። ባለፈው ወር ሦስተኛ ፎቅ ጋዝ ሲያፈስ መጀመሪያ የተደወለው ለእሱ ነበር።